ካሜራ የሚመረጠው በሳሎን ብርሃን ነው



የዚህ ምሽት አዘጋጆች የሰጡኝ ርእስ አጭር ነው፤ «ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ለቤተሰቡ ፎቶ ምን ዓይነት ካሜራ ይግዛ?» የሚል። ጥያቄው ለእኔ አዲስ አይደለም። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። የአንድ ካሜራ ስም ጠርቼለት ወደ ሱቅ ቢሄድ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልሰው። «የት ነው የምታነሣው? በስንት ሰዓት?» ስለው ብዙው ሰው ግር ይለዋል። ካሜራ እንጂ ሰዓት ልግዛ አላለኝማ!

እስቲ እዚሁ እንደተቀመጣችሁ ስልካችሁን አውጡና ያለፈውን አንድ ዓመት ፎቶ ወደ ኋላ ተመልከቱት። ልደት አለ። ክርስትና አለ። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ሲገነጠል፣ ቡና ሲፈላ፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ አያት ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ዳዴ የሚል ሕፃን ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ሲል። አብዛኛው ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ማታ ነው። ስሜንና ላሊበላ በዓመት አንድ ጊዜ ከተገኙ ጥሩ ነው። ካሜራ ልንገዛ ስንነሣ ግን በዐይናችን የሚመጣው ገደል አፋፍ ላይ የቆመው ጭላዳ ነው፤ ለእሱም ሲባል ሩቅ የሚያቀርበውን፣ ረጅሙንና ከባዱን እንመርጣለን። ከዚያ ካሜራው ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል።

ቀትር ላይ፣ ደጅ፣ በፀሐይ የማይሠራ ካሜራ የለም ማለት ይቻላል። ርካሹም ውዱም ያን ሰዓት ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ብርሃን ሲያንስና ሰው ሲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ፎቶ የሚሆን ካሜራ የሚመረጠው ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ በራሳችሁ ሳሎን፣ በዚያች በምታውቋት አምፖል ነው።

ከመግዛታችን በፊት ግን «ስልኬ አይበቃኝም ወይ?» ለሚለው መልስ ልስጥ። ለብዙዎቻችሁ ይበቃል። የዛሬ ስልክ አንድ ጊዜ ስትነኩት በርከት ያሉ ፎቶዎችን በቅጽበት አንሥቶ፣ ከየአንዳንዱ ደህናውን ወስዶ፣ አንድ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። ጨለማውን ያበራል፤ የመስኮቱን ብርሃን ያበርዳል። የተቀመጠ ሰው ከሆነ ማታም ቢሆን አያሳፍርም። የሚያቅተው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ሻማውን እፍ የምትል ልጅ፣ እስክስታ የሚወርድ አጎት፣ ሲስቅ ራሱን የሚወዘውዝ ሕፃን ሲሆን ስልኩ የሰበሰባቸው ፎቶዎች እርስ በርስ አይገጥሙለትም። ያን ጊዜ የፊትን መልክ አለስልሶ፣ ቅንድብን ከግንባር ቀላቅሎ ይሰጣችኋል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ሳይጠየቅ ፊት ያነጣል፤ ይህን እንደ ውለታ የሚቆጥሩ አሉ፣ እኔ ግን የእናቴን መልክ የሚያስተካክልልኝ ፋብሪካ አልፈልግም። ልጆቻችሁ አድገው ከሆነ፣ ፎቶ የምታነሡትም ቀን ቀን ከሆነ፣ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። አልቀየምም።

መግዛት አለብኝ ለሚለው ደግሞ አንድ ደስ የማይል ዜና አለኝ። ርካሽ አዲስ ካሜራ የሚባል ነገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አባላት ለዓለም ገበያ የላኩት ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የካሜራ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኪስ ውስጥ የሚገባውን ትንሹን ካሜራ ስልክ በላው፤ አምራቾቹም ከርካሹ ገበያ እየወጡ ውድ ወደሆነው አመሩ። ኒኮን ለጀማሪ የሚሸጠውን ዲ3500 የተባለ ካሜራ በ2018 አውጥቶ በ2022 ማምረት አቆመ። በዚህ ምክንያት ዛሬ «በአቅሜ የምገዛው» የሚባለው ካሜራ በደጉ ጊዜ ተሠርቶ፣ አንድ ሰው ተጠቅሞበት፣ አሁን የሚሸጥ ካሜራ ነው። ይህ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። በ2013 ጥሩ ፎቶ ያነሣ የነበረ ካሜራ፣ አካሉ ደህና ከሆነ፣ ዛሬም ያንኑ ፎቶ ያነሣል። ዋጋው ነው ያረጀው።

በዚህ ክፍተት የገቡ ደግሞ አሉ። ስማቸው የማይታወቅ፣ ሣጥናቸው ላይ «48 ሜጋፒክስል» ተብሎ በትልቁ የተጻፈባቸው አዳዲስ ካሜራዎች ታያላችሁ። ውስጣቸው ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ርካሽ ስልክ ላይ ከሚገኘው አይሻልም፤ ቁጥሩም የሚመጣው ትንሹን ፎቶ በሶፍትዌር በመለጠጥ ነው። ለልጅ መጫወቻ ከሆነ ይሁን። የቤተሰባችሁን ታሪክ ግን አትስጡት።

ሜጋፒክስል ከተነሣ አይቀር አንድ ጊዜ እንጨርሰው። ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ ፎቶው 100 በ100 ነጥብ ነበር፤ በድምሩ 10,000 ነጥብ ማለት ነው። አንዷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ክብደቱም 3.6 ኪሎ ገደማ። ያኔ የነጥብ ቁጥር ቁም ነገር ነበር። ዛሬ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነችውን የአልበም ፎቶ በጥራት ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ይበቃል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ኤ4 መጠን 9 ሜጋፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ስትልኩትማ፣ በፋይል መልክ ካልላካችሁት በቀር፣ መጠኑን አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ ባለ 18 ሜጋፒክስል ካሜራ እያለ ለባለ 24 ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም።

ልትጠይቁ የሚገባው የሴንሰሩን ስፋት ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው እሱ ነው። በትናንሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው የተለመደ ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሕፃን ጥፍር አያክልም። ሌንሱ በሚቀያየር የጀማሪ ካሜራ ውስጥ ያለው፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚሉት፣ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስፋታቸውን ብታባዙት ሁለተኛው የመጀመሪያውን 13 እጥፍ ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ሲመሽ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሴንሰሩ ትንሽ የሆነ የኪስ ካሜራ መግዛት ስልክን በስልክ መቀየር ነው፤ እንዲያውም የብዙ አዳዲስ ስልኮች ሴንሰር ከእሱ ይሰፋል። ሠላሳ እጥፍ ያቀርባል የሚባለው ዙም አያታልላችሁ፤ ሳሎናችሁ ውስጥ በሠላሳ እጥፍ የሚቀርብ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ሌንስ።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ከፊቱ ተገጥሞ የሚመጣው ሌንስ ብዙ ጊዜ 18-55 የሚባለው ነው። ለደጅ ደህና ነው፤ አትጣሉት። ጫፉ ላይ ግን 3.5-5.6 የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል። ይህን ሌንስ አቅርባችሁ፣ እስከ 55 ድረስ ስባችሁ ስታነሡ ቀዳዳው 5.6 ላይ ይቀራል። ከዚያ በላይ አይከፈትም።

አንድ አምፖል ባለበት ሳሎን እንሞክረው። የካሜራውን የብርሃን ስሜት፣ አይኤስኦ የሚባለውን፣ 1600 ላይ አድርገናል። በ5.6 ቀዳዳ ካሜራው 1/10 ሰከንድ ያህል ብርሃን መሰብሰብ አለብኝ ይላችኋል። በዚያች አንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ልጁ ፊቱን አዙሯል፣ የእናንተም እጅ ተንቀሳቅሷል፤ ፎቶው ተንቀጠቀጠ። አሁን 18-55ቱን አውልቃችሁ 1.8 የተጻፈበትን ሌንስ ግጠሙ። 5.6ን ለ1.8 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ስታባዙት 10 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚያው ሳሎን፣ በዚያው አምፖል፣ በዚያው ካሜራ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ስለዚህ 1/10 የነበረው 1/100 ሰከንድ ይሆናል። ልጁ ሲስቅ ጥርሱ ይቆጠራል። ካሜራውን በእጥፍ ዋጋ በሚሸጥ አዲስ ካሜራ ብትቀይሩት ይህን ያህል ለውጥ አታገኙም።

ይህ ሌንስ ደግሞ ውድ አይደለም። ካኖን 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8፣ ኤስቲኤም የተባለውን በ2015 ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ 125 ዶላር ነበር። የኒኮን 35 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 በ2009 ሲወጣ 200 ዶላር። ከሁለቱ ለቤት የቱ ይሻላል ብትሉኝ ያለማመንታት 35ቱ እላለሁ። ምክንያቱ የሳሎናችን ስፋት ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 50ውን ገጥማችሁ 3 ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ ወደ ጎን የምታስገቡት 1.3 ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ። ሦስተኛው እንዲገባ ጀርባችሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያም ወደ ጓዳ ትገባላችሁ። በ35ቱ እዚያው ቆማችሁ 2 ሜትር ታስገባላችሁ። ካኖን ያለው ሰው 24 ሚሊ ሜትር፣ 2.8 የሆነችውን ስስ ሌንስ ይፈልግ፤ ያው 3 ሜትር ላይ 2.8 ሜትር ያህል ታስገባለች፣ ብርሃኗም የ5.6ቱ አራት እጥፍ ነው። 50ው ለአያት ፊት ነው፤ ለእሱ ተወዳዳሪ የለውም።

እንግዲህ ስም ጥራ ካላችሁኝ ልጥራ። ከካኖን 600ዲ፣ በ2011 የወጣው፣ ባለ 18 ሜጋፒክስል። የኋላ ስክሪኑ ይዘረጋል፤ ሕፃን ስታነሡ ወለል ላይ ሳትተኙ ከታች ታነሡበታላችሁ። ወይም 700ዲ፣ የእሱ ታናሽ። ከኒኮን ዲ3300፣ በ2014 የወጣው፣ ባለ 24። ወደ ስልክ በዋይፋይ ማስተላለፍ የሚፈልግ ዲ5300ን ይይ። ትንሽ ገንዘብ የሚጨምርና ቀላል ነገር የሚወድ ሶኒ ኤ6000ን፤ በ2014 የወጣ ነው፣ ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው፣ ፈጣን። ጉድለቱ ባትሪ ነው። በኢንዱስትሪው መለኪያ በአንድ ባትሪ 400 ፎቶ አይሞላም፤ ከላይ የጠራሁት ዲ3500 በዚያው መለኪያ 1,550 ያነሣል። መብራት ሲሄድ ሁለት ቀን የሚቆይበት ሰፈር ያለ ሰው ይህን ቁጥር ከሜጋፒክስል በፊት ያንብብ።

የብር ዋጋ ግን አልነግራችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። የዛሬ ዋጋ ብነግራችሁ እቤት ሳትደርሱ ሊያረጅ ይችላል። የምነግራችሁ አከፋፈሉን ነው፤ ለካሜራ ከያዛችሁት ገንዘብ ቢያንስ ሲሶው ለዚያች ለሁለተኛዋ ሌንስ ይቀመጥ። ገንዘቡን ሁሉ ካሜራው ላይ አፍስሶ በ18-55 የቀረ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ሻጩ አይነግራችሁም፣ ብዙ ጊዜም ራሱ አያውቃቸውም። አንደኛው የኒኮን ነው። ዲ3000ና ዲ5000 ብለው የሚጀምሩት የኒኮን ተከታታዮች በአካላቸው ውስጥ የሌንስ ማነጣጠሪያ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ «ኤኤፍ-ዲ» የሚል የቆየ ሌንስ በርካሽ አግኝታችሁ ብትገጥሙት በእጅ ካልዞረ በራሱ አያነጣጥርም። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚለውን ፈልጉ፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የካኖን ነው። 2000ዲና 4000ዲ በ2018 ሲወጡ ፋብሪካው የፍላሽ ማስቀመጫው መሐል ላይ የነበረችውን አንዲት የብረት ነጥብ አስቀርቷታል። በዚች ነጥብ መቅረት ምክንያት ብዙ ርካሽ የቻይና ፍላሾች አይበሩላቸውም። 4000ዲ ላይማ ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበትም ፕላስቲክ ነው። ሁለቱም ከ600ዲ በሰባት ዓመት ያነሱ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሽማግሌው ይሻለኛል።

ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድና አንዲት ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። የእጅ ባትሪ ማለቴ ነው። ሌንሱን አውልቁና በአንድ በኩል ባትሪውን እያበራችሁ በሌላው በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አያደርግም። ቀጫጭን፣ እየተከፋፈለ የሚሄድ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ሌንሱን መልሱለት፣ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። እንደ ባሕር ዳርና ጅማ ያለ እርጥበት ያለበት አገር የኖረ ሌንስ በቆዳ ቦርሳው ተዘግቶ ከርሞ ከሆነ ይህ ያጋጥማል። ቀጥሎ ሌንሱን መልሳችሁ ግጠሙና ቀዳዳውን 16 ላይ አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሡ፤ ፎቶው ላይ የሚታዩት ደብዛዛ ጥቁር ነጠብጣቦች ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው። አቧራ ይጠረጋል፤ ጭረት አይጠረግም። ከዚያ ቅርብና ሩቅ ያለ ነገር ላይ እያፈራረቃችሁ አነጣጥሩ፤ የሚንቋቋ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ መቆም ያቃተው ከሆነ ዋጋ ለመቀነስ ሳይሆን ለመሄድ ምክንያት ነው። ቁልፎቹን ሁሉ ተጫኑ። የካሜራውን የባትሪ መዝጊያ ክፈቱ። ሻጩ ቢሰላች ይሰላች።

መኪና ስንገዛ ኪሎ ሜትሩን እንደምናይ ሁሉ ካሜራም ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይታያል። በየፎቶው ተከፍቶ የሚዘጋው ሻተር ዕድሜ አለው፤ የእነዚህ የጀማሪ ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ 100,000 ገደማ ይባላል። ከዚያ በኋላ በዕለቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ኒኮን ቁጥሩን እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ስለሚጽፈው ያነሣችሁትን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ታገኙታላችሁ። ካኖን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ላይ አይጽፍም፤ ካሜራውን በገመድ አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ይጠይቃል። የቤተሰብ ካሜራ አሥር ሺህም ላይሞላ ይችላል። ሠርግ ሲነሣበት የከረመ ግን የእጅ መያዣው ጎማ ይለሰልሳል፣ የቁልፎቹ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ያን ያየ ሰው ቁጥርም አያስፈልገው።

ብዙዎቻችሁ ደግሞ ከሱቅ አትገዙም። እህት ከዋሽንግተን ትደውላለች፤ «ልመጣ ነው፣ ምን ላምጣልህ?» ትላለች። «ካሜራ» ትላላችሁ። እሷም ያገኘችውን ታመጣለች። መጥራት ያለባችሁ የሌንሱን ስም ጭምር ነው፤ «ሌንሱ 35፣ 1.8፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚል እንዲሆን አደራ» በሏት፣ ጽፋችሁም ላኩላት። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ቻርጀሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሠራ የሶኬቱን ጫፍ ከመቀየር በቀር አያስቸግርም፤ ቢሆንም ጀርባውን አንብቡ። ቪዲዮው ግን ያስቸግራል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይዞራል፤ የእኛ 50። ካሜራው ኤንቲኤስሲ በሚባለው ስልት ተሞልቶ ስለሚመጣ በእኛ መብራት ሥር ስትቀርጹ ምስሉ ይርገበገባል፣ ጥቁር መስመርም ይሄድበታል። ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ ይሸጠዋል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፓል የሚለውን ምረጡ፤ አለቀ። ለፎቶም ቢሆን የኤልኢዲ አምፖል ሥር 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ስትሆኑ መስመሩ አይመጣም። ከጃፓን ገበያ የመጣ ሶኒ ካገኛችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የቋንቋ ምርጫውን እዩ፤ ለዚያ አገር ከተሠሩት ውስጥ ጃፓንኛ ብቻ የሚናገሩ አሉ።

ጥሩ ካሜራ ገዝቶ «ፊታችን ጠቆረ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ጥምቀት ሰሞን። ካሜራው አልተሳሳተም። ብርሃን የሚለካው ከፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ በማሰብ ነው። ነጠላና ቀሚስ ነጭ ሆኖ ፎቶውን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊታችን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ምረቃ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ጥቁሩን ጋዋን አይቶ «ጨለመ» ይልና ያበራዋል፣ የተመራቂው ፊት ይነጣል። ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ ለነጠላው ወደ መደመር፣ ለጋዋኑ ወደ መቀነስ አንድ ደረጃ ውሰዱት። ለስልክም ይሠራል፤ ፊቱ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን በጣት ከፍ ዝቅ አድርጉ። በፊልሙ ዘመን የቀለም ማስተካከያው ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ሸርሊ ካርድ ይሉት ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ ቁልፉ በእጃችን ነው።

ፍላሽ ደግሞ ፊት ለፊት አትተኩሱ። ካሜራው ላይ ብቅ የሚለው ትንሹ ፍላሽ ፊትን ያወዛል፣ ጥላን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ዕጣን በሚጨስበት ቤትማ ጭሱን አብርቶ ፎቶውን በሙሉ ጉም ያለብሰዋል። አንገቱ የሚታጠፍ ርካሽ ፍላሽ ካገኛችሁ ወደ ኮርኒሱ አዙሩት፤ ብርሃኑ ከላይ ተመልሶ ይወርዳል። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ነው እንግዲህ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ እንግዶቻችሁ ሁሉ የታመሙ ይመስላሉ። ቀን ላይ ከሆነማ ከሁሉ የሚሻለው ረከቦቱን አንሥቶ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ቡና የምታፈላው እመቤት ከፈቀደች።

ሚሞሪ ካርድ ላይ አትቆጥቡ። ፎርጅዱ ብዙ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ይላል፣ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ እስኪሞላ ድረስ ምንም አይልም፣ ከዚያ በኋላ የምታነሡትን እየተቀበለ ይደፋዋል። የሠርጉ ማግስት ነው የምታውቁት። ገዝታችሁ በገባችሁበት ቀን ኮምፒውተር ላይ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ከዚያ የሞላችሁትን እየከፈታችሁ እዩ። አንድ ትልቅ ካርድ ከሚሆን ሁለት ባለ 32 ቢሆኑ እመርጣለሁ።

በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ 600ዲ፣ አንድ ዲ3300፣ ሁለት ባለ 18-55 ሌንስ፣ አንድ 50 እና አንድ 35 አስቀምጫለሁ። የአዳራሹን ኃላፊ መብራቱን ግማሽ እንዲያጠፉልን ለምኛቸዋለሁ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት አምጧቸው፤ «ተረጋጉ» እንዳትሏቸው፣ እንደ ልባቸው ይሩጡ። በመጀመሪያ በ18-55ቱ እናነሣለን፣ ከዚያ ሌንሱን እንቀይራለን። ያገለገለ ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁም በዚያው ተሰለፉ፤ የእጅ ባትሪውን እኔ ይዣለሁ። ኃላፊው፣ እባክዎ፣ መብራቱን።